ሙበሊግ ያጣ ስብሰባ



ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የየሰፈራችን የጀማዓ ስብሰባ መልኩ ተለውጧል። ግማሹ ሰው መስጊድ ግቢ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ ግማሹ በስልክ ይገባል። አባቶች ከፊት ይሆናሉ፣ አንድ ወጣት ስልኩን ከኢማሙ አጠገብ ያቆማል፣ አርባ ምንጭ፣ አዲስ አበባና ጅዳ ያሉት ልጆች በዙም ወይም በቴሌግራም ይቀላቀላሉ። ይህ በራሱ ትልቅ ኒዕማ ነው። ነገር ግን ስብሰባው ሲያልቅ «ተስማምተናል» ይባላል። ይህ «ተስማምተናል» የሚለው ቃል ማንን ይጨምራል? ብዙ ጊዜ ምንጣፉ ላይ ያሉትን ብቻ ነው። ስልኩ ውስጥ ያሉት ሰምተው ይሆናል፣ ሳይሰሙም ቀርተው ይሆናል፤ የጠየቃቸው ግን የለም።

ለዚህ ችግር ብዙዎቻችን የምንሰጠው መፍትሔ ዕቃ መግዛት ነው። የተሻለ ስልክ፣ የተሻለ ስፒከር፣ ተጨማሪ ዳታ። እኔ ግን የጎደለን ዕቃ ሳይሆን ሰው ነው እላለሁ። የጎደለን ሙበሊግ ነው።

ሙበሊግ ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጀማዓው ሲበዛና የኢማሙ ድምፅ ኋላ ላሉት ሶፎች ሳይደርስ ሲቀር፣ ተክቢራውን ተቀብሎ ከፍ ባለ ድምፅ የሚያደርስ ሰው ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በመጨረሻው ሕመማቸው ወቅት ሲያሰግዱ አቡበከር (ረ.ዐ) ተክቢራቸውን ለሰዉ ያሰሙ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ኋላ ያለው ሰጋጅ ኢማሙን ባያይም፣ ድምፁንም በቀጥታ ባይሰማም፣ በሙበሊጉ አማካይነት የሶላቱ ሙሉ ተካፋይ ነው። በስልክ የሚገባው ወንድማችን ወይም እህታችን የስብሰባችን የመጨረሻው ሶፍ ናቸው። ለዚያ ሶፍ ግን ሙበሊግ አላቆምንም።

ሰዎቻችን የት ናቸው?

ነገሩን ለማየት እንደ ካምባ ባለ ቦታ ያለችን አንዲት ጀማዓ እናስብ። ካምባ ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ ምዕራብ ባለው ተራራማ የጋሞ ምድር ላይ ያለች ናት። በጋሞ ዞን ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የአንድ ጀማዓ ጉልበት ግቢው ውስጥ በተገኘው ሰው ብቻ አይለካም። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ነጋዴው በየገበያው ይዞራል፤ ሌላው አዲስ አበባ ሥራ ይዟል፤ ሌላዋ ዓረብ ሀገር ናት። የጋሞ ሰው እንዲህ ተበታትኖ መኖርን ዛሬ አልጀመረውም። ከደጋው ወጥተው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠሩት ሸማኔዎች ሰውነታቸው እዚያ፣ የቤታቸው ጉዳይ እዚህ ሆኖ የኖሩ ናቸው። ያኔ ምክር የሚደርሰው በመልእክተኛ ወይም ለበዓል በሚመለስ ሰው ነበር። ዛሬ ስልክ አለ።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሀገራችን ሲገባና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ብዙዎቻችን ይህን መንገድ ተለማመድነው። በዚያ ዓመት ረመዳን መስጊዶች ተዘግተው ተራዊሕ በየቤቱ ተሰገደ፤ ደርስና ምክክር ወደ ስልክ ተሻገረ። ወረርሽኙ ሲያልፍ ሰዉ ወደ መስጊዱ ተመለሰ፣ ስልኩም አብሮ ገባ። ሁሉም በስልክ ሲሆን ሁሉም እኩል ነበር። ግማሹ ግቢ፣ ግማሹ ስልክ ላይ ሲሆን ግን የሶፍ ልዩነት መጣ።

እንበል፣ ጀማዓዋ የተሰበሰበችው በእጅ ያለው ገንዘብ ለመድረሳው ጣሪያ ይዋል ወይስ ለሴቶች መስገጃ የሚለውን ለመወሰን ነው። ግቢው ውስጥ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ይናገራል። ስልኩ የሚያስተላልፈው ጉርምርምታ ነው። አዲስ አበባ ያለው «አልተሰማም» ብሎ ይጽፋል፤ ጽሑፉን የሚያነብ የለም። ሴቶቹ ከመጋረጃው ኋላ ናቸው፤ እነሱም እንደ አዲስ አበባው ሰው ጉርምርምታ ነው የሚሰሙት። ሰብሳቢው «ተስማምተናል?» ሲሉ ከፊት ያሉት «አዎ!» ይላሉ። ጣሪያው ተወሰነ። መስገጃው የሚያገባቸው እህቶች ግን አፋቸውን አልከፈቱም። እዚህ ላይ የቴክኖሎጂ ጉዳይ አልቆ የፍትሕ ጉዳይ ይጀምራል።

በስልክ ያለ ሰው ተገኝቷል ወይስ አልተገኘም?

አንዳንድ አባቶች «ያልመጣ ሰው አልመጣም፤ በስልክ ያለውን ለማወቅ ያህል እናሰማዋለን እንጂ አይቆጠርም» ይላሉ። ለኢባዳ ሲሆን ሐሳቡ መሠረት አለው። ቤቱ ተቀምጦ ስርጭት እየተከታተለ ከኢማሙ ኋላ ጁምዓ እሰግዳለሁ ለሚል ሰው ብዙ ዑለማዎች አልፈቀዱለትም፤ ሶላት አካል በአካል መገኘትን ይፈልጋል። ስለ ምክክርና ስለ ስምምነት ግን የሊቃውንቱ እይታ ሌላ ነው።

ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1990 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው ስድስተኛ ጉባኤው በመገናኛ መሣሪያዎች ስለሚደረግ ውል መክሮ ነበር። የዚያን ጊዜው መሣሪያ ቴሌክስ፣ ፋክስና ስልክ ነው። ውሳኔው ሁለት ሰዎች በተለያየ ቦታ ሆነው በአንድ ጊዜ በስልክ ወይም በሬዲዮ እየተነጋገሩ ውል ቢያደርጉ፣ በአንድ ቦታ እንደተገኙ ሰዎች ውል ይቆጠራል የሚል ነው። ሦስት ነገሮችን ግን ከዚህ አወጣ። ኒካህን፣ ምስክር ስለሚያስፈልገው። የገንዘብ ምንዛሬን፣ እጅ በእጅ መሆን ስላለበት። ሰለምን፣ ዋጋው ቀድሞ መከፈል ስላለበት።

ይህ ውሳኔ ስለ ውል እንጂ ስለ ሰፈር ስብሰባ አይደለም፤ ፈትዋ መስጠትም የእኔ ድርሻ አይደለም። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግን አለ። ቤት መሸጥና መግዛት በስልክ «እንደ ተገኘ» የሚያስቆጥር ከሆነ፣ ስለ መድረሳ ጣሪያ ሐሳብ መስጠት እንዴት አያስቆጥርም? ሁለተኛም ልብ በሉ፤ መገኘት የሚባለው በአንድ ጊዜ መሰማማት ነው። የሚናገረው ይሰማል፣ የሚሰማው ይመልሳል። ይህ ከሌለ ስልኩ ቢበራም ሰውየው አልተገኘም። ስለዚህ ወይ እንዲሰማና እንዲመልስ አድርገን እንቁጠረው፣ ወይ ከመጀመሪያው አንጥራው። ጠርቶ አለመስማት ከሁለቱም የከፋ ነው፤ ባልተሳተፈበት ውሳኔ ስሙን መጠቀም ነውና።

የሙበሊጉ ሥራ

ሙበሊጉ ስልኩን ከሚያቆመው ልጅ ይለያል። ስልኩን የሚያቆመው ልጅ ከፍቶ ወደ ወሬው ይገባል። ሙበሊጉ ግን በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ የለውም። የተናገረው ሰው ድምፅ ካልደረሰ በአጭሩ ይደግመዋል፤ «ሐጂ እንዲህ አሉ» ብሎ። ስልክ ውስጥ ያለ ሰው እጁን ሲያነሳ ወይም ሲጽፍ ለሰብሳቢው ይነግራል፤ ሰብሳቢውም ከግቢው ሁለት ሰው ከተናገረ በኋላ ለስልኩ አንድ ተራ ይሰጣል። ውሳኔ ሊዘጋ ሲል በስልክ ያሉትን በየስማቸው ይጠራል። መስመር የተቆረጠበት ካለ በቃለ ጉባኤው ላይ ያስመዘግባል። ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ ሌላ ሙበሊጋ ትኑር፣ ከእህቶች መካከል የተመረጠች።

በየስም መጥራቱ ጊዜ ይፈጃል የሚል ይኖራል። ከሑነይን ዘመቻ በኋላ የሆነውን እናስታውስ። የሀዋዚን ሰዎች ምርኮኞቻቸው እንዲመለሱላቸው ሲጠይቁ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጉዳዩን ለሰዉ አቀረቡ። ሰዉ በአንድ ድምፅ ተስማማ። እርሳቸው ግን በዚያ ድምፅ ውስጥ ማን እንደ ፈቀደና ማን እንዳልፈቀደ እንደማይለይ ገልጸው፣ ሰዎቹ ተመልሰው እንዲመክሩና አለቆቻቸው የእያንዳንዱን ወገን ሐሳብ እንዲያመጡ አዘዙ። ቡኻሪ ዘግበውታል። በሕይወት ያለ ነቢይ ፊት የተሰማ «አዎ» እንዲህ ከተጣራ፣ የእኛ የግቢ «አዎ» አይጣራም?

ቪዲዮውን እንተወው

ስብሰባችን «የቪዲዮ ስብሰባ» ተብሎ ቢጠራም ብዙ ጊዜ ቪዲዮ አያስፈልገውም። ዙም ራሱ እንደሚገልጸው በድምፅ ብቻ ለመሳተፍ በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ቢት ይበቃል፤ ለቡድን ቪዲዮ ግን ከ600 ኪሎ ቢት እስከ 1 ሜጋ ቢት ይጠይቃል። ልዩነቱ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ኔትወርክ በሚወጣና በሚወርድበት ተራራማ ሀገር ይህ ልዩነት በመሰማትና ባለመሰማት መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ለተማሪ ኪስም የዳታው ነገር ቀላል አይደለም። የኢማሙን ፊት አይቶ ቃላቸውን ከማጣት፣ ፊታቸውን ሳያዩ ቃላቸውን መስማት ይሻላል።

ለእህቶቻችን ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ቤቷ ያለች እህት ካሜራ ክፈቺ ስትባል ትወጣለች፤ ድምፅ ብቻ ሲሆን ሐሳቧን ተናግራ ትወስናለች። በነጻ የሚሰጠው ዙም ስብሰባን በ40 ደቂቃ እንደሚቆርጥም አንርሳ። ዋናው አጀንዳ በ39ኛው ደቂቃ የሚነሳ ከሆነ ማን እንደሚቀር ግልጽ ነው። ስለዚህ ከባዱ ጉዳይ መጀመሪያ ይነሳ፤ ሰላምታው፣ ሪፖርቱና ምስጋናው በኋላ ይምጣ።

መስመሩ ጭራሽ ቢጠፋስ? ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳውም። ስለዚህ አጀንዳው ከቀናት በፊት በጽሑፍ ይድረስ፤ ሩቅ ያለ ሰው ሐሳቡን አስቀድሞ ለሙበሊጉ ይንገር፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ በተራ የስልክ ጥሪ ቢያንስ አንድ ተወካያቸው ይደወልለት። ገንዘብ ወይም መሬት የሚነካ ውሳኔ ከሆነ፣ መስመሩ በተቆረጠበት ቀን አይዘጋ፤ ለሚቀጥለው ጁምዓ ይደር።

ከዱቡሻው የምንማረው

በጋሞ ምድር የምንማር ሰዎች ስለ ስብሰባ ሩቅ ሄደን መጠየቅ አያስፈልገንም። ዱቡሻ የጋሞ ሕዝብ የሚመክርበትና ጉዳዩን የሚፈታበት አደባባይ ነው። ምርቃት ይቀድማል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ ነገሩ የሚያልቀው እጅ ተቆጥሮ ሳይሆን ተነጋግሮ በመስማማት ነው። ይህ ለሹራ የቀረበ አደብ ነው። በዚያው ልክ ዱቡሻ በቀድሞው ሥርዓቱ ዳር የሚያቆማቸው ሰዎች ነበሩት፤ ሴቶች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች እንደ ማንኛውም ሰው ተቀምጠው የሚናገሩበት ቦታ አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄው መጥፎ ስብሰባ ስላላቸው ሰዎች ብቻ አይደለም። መልካም አደብ ያለው ስብሰባም ዳር ላይ ያስቀመጠው ሰው ሊኖረው ይችላል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሙጃደላ 11ኛ አንቀጽ አማኞች በመቀመጫዎች ላይ ቦታ አስፉ ሲባሉ እንዲያሰፉ አዟል፤ ለሚያሰፋውም አላህ እንደሚያሰፋለት ቃል ገብቷል። ይህች ሱራ የምትጀምረው በማን እንደሆነ አስተውሉ። ባሏን በተመለከተ አቤቱታዋን ይዛ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ በመጣች ሴት ነው፤ አላህ ንግግሯን ሰማ። መቀመጫ ማስፋት ምንጣፍ ላይ ጠጋ ማለት ብቻ አይደለም። በዘመናችን ለአንድ ድምፅ ተራ መስጠትም ማስፋት ነው። ማስፋቱ ደግሞ በሁለቱም በኩል ነው፤ ስልክ ያለው ሲገባ ስልክ የሌላቸው እናት መውጣት የለባቸውም። ውይይቱ ወደ ቴሌግራም ግሩፕ ተጠቃሎ ከተሻገረና ግቢው ውስጥ ያሉት ውሳኔውን በወሬ ከሰሙ፣ ዳር የቆመውን ቀየርን እንጂ አላሰፋንም።

ገንዘብ ላኪውና ጭቃ ረጋጩ

አባቶች የሚያነሱት አንድ ቅሬታ እውነት አለው። «ከሩቅ ሆኖ የሚናገረው የእኛን ጭቃ አይረግጥም፤ ገንዘብ ስለላከ ያዘናል» ይላሉ። ይህ ይከሰታል። ከፍ ያለ ሰደቃ የላከ ሰው በስልክ ሲገባ ግቢው በሙሉ ዝም ይላል፤ ትንሽ የላከችው ወይም ምንም መላክ ያልቻለው ተማሪ ሲገባ ኔትወርኩ ይከፋል። ሙበሊግ ለዚህም ይጠቅማል፤ ተራ የሚሰጠው በስም ዝርዝር እንጂ በብር መጠን አይደለምና። ሰደቃ ለአላህ የተሰጠ ነው፤ ተጨማሪ ድምፅ የሚገዛ ከሆነ ሌላ ስም ይፈለግለት።

በአካል ብቻ የሚሆኑ ነገሮችም አሉ፤ ለእነሱ ስልክ መክፈት የለብንም። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የተነሳውን ወጣት ያስቆሙት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው ነው። ያ በቪዲዮ አይሆንም። ወጣቱ እንዲቆም ያደረገው የአባት ጉልበት መሬት መንካቱ ነው። የተጣሉ ወንድሞችን ማስታረቅ፣ ለቅሶ መድረስ፣ የታመመ መጠየቅ፣ ጀናዛ መሸኘት እንዲሁ ናቸው። በነዚህ ጉዳዮች ሩቅ ያለው ሰው ዱዓ ያድርግ፣ ይደውል፣ ሲችል ይምጣ፤ ነገሩን የሚጨርሱት ግን የተገኙት ናቸው። እንግዲህ ሥራው ሁለት ይሆናል፤ ምክሩ የሁሉም፣ በጉልበትና በፊት የሚሠራው የተገኙት።

አንድ ነገር ልጨምር። በመጅሊስ የተነገረ አማና ነው። አንድ አባት በግቢው ውስጥ ስለ አንድ ቤተሰብ ችግር ሲናገሩ፣ የሚሰማቸው ስልክ አጠገቡ ማን እንዳለ አያውቁም። ስለዚህ ሙበሊጉ ሲጀመር በስልክ ያሉትን ስም ለሁሉም ያንብብ፤ መቅዳት ክልክል መሆኑን ይናገር፤ የሰው ገመና ሲነሳ በስልክ ያሉት የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ። ይህን ቃል ያፈረሰ ሰው ችግሩ የቴክኖሎጂ አይደለም፣ የአማና ነው።

ሙበሊግ ኢማም አይደለም

ይህን ሁሉ ለእናንተ ለተማሪዎች የምጽፈው ለምንድን ነው? ስልኩን የምትይዙት እናንተ ስለሆናችሁ ነው። ለዕረፍት ስትመለሱ ሰብሳቢው «ና እስቲ ይህን ነገር ክፈትልን» የሚሉት እናንተን ነው። ትምህርት ላይ ስትሆኑ ደግሞ በስልክ የምትገቡት እናንተ ናችሁ። ሁለቱንም ጫፍ የሚያውቅ ሰው በጀማዓው ውስጥ ከተማሪ ሌላ እምብዛም የለም።

ነገር ግን አደቡን እንጠብቅ። ሙበሊግ የኢማሙን ተክቢራ ያደርሳል እንጂ ከኢማሙ ቀድሞ አላሁ አክበር አይልም፤ ከራሱም አይጨምርም። ስልኩ በእጃችን ስለሆነ የማንወደውን ሰው ድምፅ የመዝጋት፣ የምንወደውን ሐሳብ አስውበን የመድገም ፈተና አለ። አባቶች ስለ ዙም አያውቁም ማለት ስለ ስብሰባ አያውቁም ማለት አይደለም። ስለ ሰው ልብ፣ ስለ ዕርቅ፣ መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ። የእኛ ድርሻ ድምፅ ማድረስ ነው፤ ሐሳባችንን ግን ተራችን ሲደርስ እንደማንኛውም ሰው እንናገራለን።

ልምምዱን ከራሳችን ቤት እንጀምረው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአንድ ግቢ አይኖርም። ዋናው ግቢ፣ አባያ፣ ጫሞ፣ ኩልፎና ነጭ ሳር አርባ ምንጭና ዙሪያዋ ሲሆኑ ሳውላ ካምፓስ ግን ጎፋ ዞን ውስጥ ነው። የተማሪ ጀማዓ በእንዲህ ያለ ቦታ ጠቅላላ ስብሰባ ሲጠራ ሳውላ ያለው ተማሪ የመጨረሻው ሶፍ ነው፤ ተግባር ልምምድ ላይ የወጣውም እንዲሁ። የዒድ ዝግጅት፣ የአዲስ ተማሪዎች አቀባበል፣ የአሚር ምርጫ ሲነሳ የእነሱ ድምፅ ተጠርቶ ይሰማል ወይስ ጉርምርምታ ሰምተው ይወጣሉ? እኛ በራሳችን ስብሰባ ያልሠራነውን ለአባቶቻችን ልናስተምር አንችልም።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ሦስት ነገር ብቻ እናድርግ። ሁለት ሰው፣ አንድ ወንድምና አንድ እህት፣ በስም ሙበሊግ ተብለው ይመረጡ። አጀንዳው ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ይድረስ። ውሳኔ ከመዘጋቱ በፊት በስልክ ያሉት በየስማቸው ይጠየቁ። ይህ ብር አይጠይቅም፣ ስፖንሰርም አይፈልግም። ጥሎብን ሶፍ ስናስተካክል ክፍተት አንወድም፤ በምክክራችን ሶፍ ውስጥ ያለውንም ክፍተት እንድፈነው።

አላህ ስብሰባችንን የበረካ ያድርገው፤ ሩቅ ያሉትን በሰላም ያገናኘን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።